ስሙም ነው፣ ምክሩም

ጅቡን እስከ ቦርከና ዳር ሸኝቶ ሲመለስ፣
ከጣውላው ክምር ላይ ሲወርድ በጥድፊያ፣
አንዲት ነገር «ጧ» አለች፣ እንደ ክር ስትበጠስ፤
እኔ የሰማሁ መሰለኝ። እሱ ግን ዝም።
ጧት በሦስት እግሩ መጣ፣
የኋላ ግራውን እንደ ተዋሰው ዕቃ አንጠልጥሎ፣
እንዳትቆሽሽበት፣ እንዳትሰበርበት ብሎ።

ስሙ ጠርጥር ነው።
ከገንፎ ስንጥር በማይጠፋበት አገር ተወልዶ፣
ሰውን ሁሉ ጠርጥሮ፣ እኔን ብቻ ወዶ፣
የመጋዘኑን ሌሊት ስድስት ዓመት ተካፈልን፤
እኔ ዱላና ባትሪ፣ እሱ ጥርስና ጆሮ።
ደሞዙ የእኔ ትራፊ ነው።
አንድም ቀን ጭማሪ አልጠየቀም።

መጀመሪያ ሙሄ ዘንድ ወሰድኩት፣
ከሐርቡ እስከ ገርባ የሰው ውልቃት የሚመልሰው።
«ውሻ?» አለኝ።
ለዙሁር ሊነሳ ነበር። ዝም አልኩ።
አየው ጠርጥርን፤ ጠርጥርም አየው።
ከዚያ ተንበርክኮ በደረቅ እጁ ዳሰሰው፦
«አጥንቱ ደህና ነው። ውልቃትም አይደለም።
ጅማት ነው፤ በቀርከሃ አይታሰር፣ በቅቤ አይታሽ።
የከብት ሐኪሟ ዘንድ ሂድ፤ አልዋሽህም።»
ያ ሁሉን ጠርጣሪ፣ እጁን ላሰው።
ሙሄ አልተቆጣም። ሰባት ጊዜ ታጠበ፣ አንዱን በአፈር፤
ገንዘቤን ገፋው፦ «አጥንት ግዛለት።»

ክሊኒኩ በር ላይ በግ ሊያስከትቡ የተሰለፉት ሳቁብን።
ሉባባ አልሳቀችም።
በጎኑ አስተኛችው። በአንድ እጇ ጭኑን፣ በሌላው ቅልጥሙን ይዛ
ወደ ፊት ገፋ አደረገች።
«ይኸው፤ እንደ መሳቢያ ይወጣል።
ጤነኛ ጉልበት መሳቢያ የለውም።»
የአለቃዬ ጠረጴዛ ትዝ አለኝ፣
ቁልፉ የጠፋ፣ ሲከፍቱት ባዶ።

«ቀዶ ጥገና አለ፤ አጥንቱን ቆርጠው በብረት ያስተካክላሉ።
እዚህ ግን ብረቱም የለን፣ ቆራጩም።
ያለን ገመድና ትዕግሥት ነው።
ሁለት ወር እሰረው። ለሽንት ብቻ፣ በአጭር ገመድ።
አይዝለል፣ አይሩጥ፣ አይወፍር።
የራስህን ክኒን ደግሞ እንዳትሰጠው፤ ጨጓራውን ይበላዋል።»
ኪሴን እንዴት አየችው?
«ሰውነት የራሱን ጠባሳ ያበጃል፤ ወፍራም፣ ሻካራ፤
እንደ ድሮው አይሆንም። ግን ይይዛል።
ቀኙንም ጠብቀው፤ ብዙ ጊዜ ወረፋ ይይዛል።»

ጉልበት እንላለን ለዚህች መጋጠሚያ፤
ጉልበት እንላለን ለኃይልም።
ቋንቋችን ቆጣቢ ነው፤
ወይም አንድ ቀን ወድቆ ያውቃል።
ሃያ ሁለት ዓመት ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ቆሜ
ጉልበቴን ሸጥኩ፣ በወር በወር፤
የቀረችኝን ይዤ ዘበኛ ሆንኩ።

የመጀመሪያውን ሳምንት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረብኝ።
ገመድ ምን እንደሆነ ያውቃል፤ ሕክምና መሆኑን ግን
በየትኛው አማርኛ ልንገረው?

በሦስተኛው ሳምንት ጅቡ መጣ።
ጠርጥር ገመዱን ሲወጥረው አንገቱ ላይ ተጠመጠምኩ፣
«ተው፣ ጅማትህን፣ ተው!»
ጅቡ ግን ሊተው አይደለም።
እናም ጮህኩ።
በስድሳ አንድ ዓመቴ፣ አጥር ሥር ተንበርክኬ፣
እንደ ውሻ ጮህኩለት።
ጅቡ ቆሞ አሰበ።
ከዚያ ሄደ፣ ምናልባት አፍሮልኝ።
ጠርጥር ሲያየኝ አደረ።

ክረምቱ ገባ። ጭቃው ላይ
ሦስት ጉድጓድና አንዲት ጭረት ይጽፍ የነበረ፣
ዛሬ ጧት አራተኛዋን አሳረፋት፤
የጣት ጫፍ ብቻ፣ ስሱ፣
አሻራ ለመስጠት እንደሚፈራ ሰው።
ጎንበስ ብዬ አየኋት፤
ለመነሳት ግን የእሱን ጀርባ መደገፍ ነበረብኝ።

የጣውላው ክምር ጋ ስንደርስ ቆመ።
ሽቅብ አየው። እኔን አየኝ።
ጠርጥር፣ አልኩት።
ስምህም ነው፣ ምክሬም ነው።